የማይስተሩ ዓይንና አረንጓዴው ዓምድ

ሳጥኑ ከእንግሊዝ አገር የመጣው ሰኞ ጠዋት ነው። ሁለት ሰዎች ከመኪና አውርደው ፍራንክፈርት ኦስትኤንድ ሰፈር ወዳለው ግቢያችን ሲያስገቡት እኔ የሥራ ካፖርቴን እየቆለፍኩ ነበር። ማይስተሩ ቁርሳቸውን ጥለው ተነሱና ሚስማሩን ራሳቸው መንቀል ጀመሩ። ከማሸጊያው ውስጥ ሁለት መዳፍ የሚያህል ስባሪ አወጡ። ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ በመሃሉ ነጭና ጥቁር ጅማት ይሮጥበታል፤ አንድ ጎኑ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል።

«ተመልከቺ» አሉኝ። «ይሄን የሠራው ሰው ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። ዛሬም ፊትሽን ታዪበታለሽ።»

ማይስተር የምላቸው አሠሪዬን ነው፤ የሙያውን የመጨረሻ ፈተና ያለፈ ሰው እዚህ አገር እንዲህ ይባላል። በጀርመንኛ «ዱ»፣ ማለትም አንተ አንቺ፣ ነው የምንባባለው፤ በመጀመሪያው ሳምንት እንደዚያ ይሁን ያሉት ራሳቸው ናቸው። በአማርኛ ሳስባቸው ግን «አንተ» ማለት እንቢ ይለኛል። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ የአባቴ እኩያ ናቸው። ስለዚህ እዚህም እንደማስባቸው እጽፋቸዋለሁ።

ሥራችን እብነ በረድ ያልሆነ እብነ በረድ መሥራት ነው። ጀሶ በሙጫ ውሃ ይለወሳል፣ የቀለም ዱቄት ይገባበታል፣ እንደ ሊጥ ይታሻል። የተለያየ ቀለም ያላቸው ሊጦች ተደራርበው ይቆረጣሉ፤ ሲደርቁ በድንጋይና በውሃ ይፈተጋሉ፤ ቀዳዳቸው ይደፈንና እንደገና ይፈተጋሉ፤ እንዲህ እያለ ሰባት ስምንት ጊዜ። መጨረሻ ላይ ሰም ሲቀባ ያየው ሁሉ ድንጋይ ነው ብሎ ይምላል። ጀርመኖች ስቱክማርሞር ይሉታል።

እኔ ወደዚህ ሙያ የገባሁት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። የሥራ ፈላጊዎች ቢሮ ያለችው ሴትዮ «አረጋውያንን መንከባከብ ለምን አትማሪም?» ስትለኝ፣ «ኮምቦልቻ እያለሁ የአጎቴን ቤት ግድግዳ በኖራ የለቀለቅኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ቀልዴን ነበር። እሷ ግን ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈችው። ሦስት ዓመት ተማርኩ፤ ከዚያ እሳቸው ዘንድ ገባሁ። ሳጥኑ ሲመጣ ስምንተኛ ዓመቴ ነበር።

ስባሪው የመጣው በእንግሊዝ ገጠር ካለ አንድ ትልቅ የባለርስት ቤት ነው። ሥዕሎቹንና ፎቶግራፎቹን ማይስተሩ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ለግማሽ ቀን አስረዱኝ። የዚያን ዘመን የእንግሊዝ ባለጸጎች ወደ ጣሊያን እየሄዱ የጥንት ሮማውያንን ፍርስራሽ ያዩና፣ ሲመለሱ በግ የሚግጥበት መስክ መሃል ያለውን ቤታቸውን የሮማ ቤተ መቅደስ ያስመስሉታል። ኮርኒሱ ላይ ያለው የጀሶ ጌጥ እንደ ጥልፍ የሰለለ ነው፤ የአበባ ጉንጉን፣ ሪባን፣ ባለ ሁለት ጆሮ ማሰሮ፤ መደቡም ፈዛዛ አረንጓዴና ጽጌረዳማ። ምንጣፉ የኮርኒሱን ንድፍ ደግሞ እንዲያሳይ ሆኖ የተሸመነ ነው። በግራ በኩል በር ካለ በቀኝም መኖር አለበት፤ ወዲያ ማዶ ክፍል ባይኖርም የማይከፈት በር ይሠራል። ሁሉም ነገር ጥንድ መሆን አለበት።

እንግዳ መቀበያው አዳራሽ ውስጥ ክብ አረንጓዴ ዓምዶች አሉ፤ ከእያንዳንዱ ጀርባ ደግሞ ከግድግዳው ጋር የተለጠፈ ጠፍጣፋ ዓምድ አለ። ግድግዳው ውስጥ ያለ የውሃ ቱቦ ፈንድቶ ስምንቱ ጠፍጣፋ ዓምዶች አብጠው ተላልጠዋል። ክቦቹ ተርፈዋል። እኛ ስምንቱን ፍራንክፈርት ላይ ሠርተን እንልካለን፤ ከተረፉት ጎን ይቆማሉ። ቀለሙ ትንሽ እንኳ ከሳተ የገባ ሰው ሁሉ ያየዋል። ቤቱን የምታሳድሰው እንግሊዛዊት አርክቴክት በአምስተኛው ሳምንት መጥታ ናሙናውን ታያለች፤ ካልወደደችው ሥራው ወደ ሌላ ይሄዳል።

የመጀመሪያውን ናሙና ማይስተሩ ራሳቸው ለወሱት። ሲደርቅ አየሁት። ሰማያዊ በዝቶበታል። ገና ስላልተፈተገ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሁለተኛው ተፈትጎ ሰም ተቀባ፤ ሰማያዊነቱ ባሰ። ሦስተኛው ላይ የስባሪውን አረንጓዴ ከጎኑ ሳደርገው አንዱ የቅጠል፣ አንዱ የባሕር ቀለም ነው።

«ማይስተር፣ ትንሽ ሰማያዊ አልበዛም?» አልኳቸው፤ የማይረባ ነገር እንደምጠይቅ አስመስዬ።

ሁለቱን አንስተው ወደ መስኮቱ ያዟቸው። ረጅም ጊዜ አዩ። «ዛሬ ሰማዩ ደመና ነው» አሉ። «ሃምሳ ዓመት ቀለም ስቀላቅል ኖሬያለሁ። በድንጋዩ ፈትጊ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳላስበው መሰለል ጀመርኩ። የቀለም ቆርቆሮዎቹን ስም እኔ እንዳነብላቸው ይጠይቃሉ፤ መነጽሬን ረሳሁ ይላሉ፣ መነጽሩ ግን ግንባራቸው ላይ ነው። መኪናቸውን ከሸጡ ከርመዋል፤ «የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ኡ-ባኑ፣ ይሻላል» ይላሉ። ነጩን ጀሶ ነጭ ነው አይሉም፤ «የዘንድሮው ጀሶ ቢጫ ሆኗል፣ ፋብሪካው ተበላሽቷል» እያሉ ይራገማሉ። ጀሶው እንደ ወተት ነጭ ነበር።

የምኖረው ቦናመስ የሚባል ሰፈር ነው፣ አሥረኛ ፎቅ፣ ከልጄ ጋር። ከእኛ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ አንድ ጋሼ አሉ፤ ከአገር ቤት በተማሪነት መጥተው በዚያው የቀሩ፣ ሆስፒታል ዓይን ክፍል በነርስነት ሠርተው ጡረታ የወጡ። ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያው ዘንድ ተገናኘን።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሰው ነጭን ቢጫ አድርጎ የሚያየው ምን ሲሆን ነው?»

«ማነው ሰውየው?»

«አንድ የማውቀው ሰው።»

«ዕድሜው?»

«ሰባ አለፈው።»

ልብሳቸውን ማጠፍ አቆሙ። «የዓይን ሞራ ነው፣ ልጄ። እንደ ቢጫ መስታወት ዓይኑ ላይ ይጋረዳል። በጣም ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ሰውየው ራሱ አያውቀውም። ሰማያዊ ነው ቀድሞ የሚጠፋው። እኔም ነበረብኝ። ቀላል ነው፤ በአንድ ቀን ገብቶ ይወጣል።» ቀና ብለው አዩኝ። «ማይስተርሽ ናቸው አይደል?»

ጎንበስ ብዬ ልብሴን ከማሽኑ ማውጣት ጀመርኩ። «ንገሪያቸው» አሉኝ።

እቤት ገብቼ ለልጄ ነገርኳት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በአማርኛ ስጠይቃት በጀርመንኛ ትመልሳለች። ከስልኳ ዓይኗን ሳታነሳ «ማማ፣ ዛግስ ኢም አይንፋኽ» አለች፤ በቃ ንገሪው ማለቷ ነው። ለእሷ ሁሉ ነገር በቃ ነው። ሰውየው ቆመው የሚኖሩት በዓይናቸው መሆኑን እንዴት ላስረዳት? ሚስት የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም። ቀለም ያያሉ የተባለላቸው ሰው ናቸው፤ ከሌላ ከተማ ሁሉ እየመጡ የሚጠይቋቸው ለዚያ ነው። ደግሞ እኔም አለሁ። ዓይን የላቸውም ከተባለ ቬርክሽታቱ፣ የሥራ ቤታችን፣ ይዘጋል፤ ያኔ በአርባ አምስት ዓመቴ እንደገና ወደዚያች ሴትዮ ቢሮ መሄዴ ነው።

ስለዚህ አልነገርኳቸውም። የመረጥኩት ከዚያ የባሰውን ነው።

ማይስተሩ ቀትር ላይ ምሳ ለመብላት ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ አንድ ሰዓት ይቆያሉ። በዚያች ሰዓት ነበር የራሴን ናሙና የሠራሁት። ሰማያዊውን ቀነስኩ፤ ቢጫ አፈርና ጥቂት ጥቁር ጨመርኩ። አንድ ቀን ለወስኩ፣ አንድ ቀን ቆረጥኩ፤ ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ፈተግኩ። ምሳዬን የምበላው እየቆምኩ ነው። ሊመጡ ሲሉ በጨርቅ ጠቅልዬ ደረጃው ሥር እከተዋለሁ።

አንድ ቀን ገና ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተከፈተ። እርጥብ ጨርቅ አንስቼ ናሙናው ላይ ጣልኩ። እጄ እስከ ክርኔ አረንጓዴ ነበር። ማይስተሩ ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡና ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቆሙ።

«ሙጫ አሙቀሻል?»

«ማሰሮውን ላጥብ ብዬ ነው።»

አሸተቱ። ዓይናቸው በእጄ ላይ አለፈ። ጨርቁ ላይም አለፈ። «የገንዘብ ቦርሳዬን ረስቼ ነው» አሉ። ከመስኮቱ ደፍ ላይ በዳበሳ አንስተው ወጡ። ስላልታወቀብኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የተሰማኝ ግን ድንጋጤ ነው። አረንጓዴ እጅ ፊታቸው ተዘርግቶ አላዩትም።

አርክቴክቷ የምትመጣበት ቀን ደረሰ። ማይስተሩ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ነበር። ሊቀበሏት ወደ ግቢው በር ሲወጡ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የእሳቸውን ናሙና አንስቼ ደረጃው ሥር ከተትኩና የኔን በቦታው አኖርኩ። «ያ አላህ» አልኩ፤ ከዚያ በላይ ምን ብዬ እንደምጸልይ አላወቅኩም። ማታለል ነው፤ ለማታለል ምን ተብሎ ይጸለያል?

አርክቴክቷ ቀጭን፣ አጭር ሽበታም ጸጉር ያላት ሴት ናት። ጀርመንኛዋ እንደኔው የተሰባበረ ነው፤ ለዚህ ወዲያው ወደድኳት። ወንበር ስንሰጣት አልተቀመጠችም። ስባሪውንና ናሙናውን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ አቀረበች፣ አራቀች፣ በምላሷ አርጥባ አየች። እኔ እጆቼን ከጀርባዬ አቆላልፌ ቆሜያለሁ።

«ፍጹም ነው» አለች።

ማይስተሩ ፈገግ አሉ። «ጀርባውንም ይዩት» ብለው ከእጇ ተቀበሏት። አውራ ጣታቸውን በጀርባው ጠርዝ ላይ አሳለፉ። ቆሙ። እንደገና አሳለፉ። እሳቸው ጠርዙን በቢላ ይሸርፉታል፤ እኔ በድንጋይ ነው የማለሰልሰው። ስምንት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ይህን ልዩነት ልብ ብዬው አላውቅም። የእሳቸው ጣት ግን ያውቀዋል።

«ይሄ የኔ አይደለም» አሉ።

«የኔ የት አለ?» ወደ እኔ ዞሩ።

«ደረጃው ሥር ነው።»

«አምጪው።»

አመጣሁት። ሁለቱን ናሙናዎች ከስባሪው ግራና ቀኝ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥኳቸው። ያን ቀን ፀሐይ ነበር፤ ደመና ማመካኛ አልነበረም። አርክቴክቷ ነገሩ ገብቷት ይሁን ሳይገባት፣ በቀስታ «ይሄኛው ግን ሰማያዊ ይበዛበታል» አለች።

«የትኛው?» አሉ ማይስተሩ።

የቀለዱ መስሏት ልትስቅ ስትል ተወችው። እሳቸው ወደ መስኮቱ ጎንበስ አሉ። አፍንጫቸው ናሙናዎቹን ሊነካ ደረሰ። ወደ ቀኝ አዩ፣ ወደ ግራ አዩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ከአንገታቸው ሥር ላብ ሲወርድ አየሁ።

«ሁለቱም አንድ ናቸው» አሉ። ከዚያ ጮክ ብለው፦ «አንድ ናቸው እኮ!»

አርክቴክቷና እኔ ተያየን። ያንን ማድረግ አልነበረብንም። ዓይናችን የተገናኘው ለቅጽበት ነው፤ እሳቸው ግን አዩት። ቀለም ባይለዩ የሰው ፊት ይለያሉ።

ሽርጣቸውን ፈቱ፣ አራት አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ነገ እንዳትመጪ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። የገዛ ቬርክሽታታቸውን በጠራራ ፀሐይ ለእኔና ለእንግዳዋ ትተው ወጡ።

አርክቴክቷ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «የቆየ ነው?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኩ። ይህም ውሸት ነበር፤ ለምን ውሸት እንደሆነ ኋላ እናገራለሁ።

«ሥራውን ለእናንተ ብሰጥ ደስ ይለኛል። ግን እስከ መጪው ሳምንት ዓርብ ማን እንደሚሠራው ማወቅ አለብኝ። ከዚያ በላይ ልጠብቅ አልችልም።»

በማግስቱ አልሄድኩም። በሦስተኛውም ቀን። ስልክ ደወልኩ፤ አያነሱም። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ታገኘኛለች፤ አራተኛው ቀን ላይ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘች። ጥፍሬ ሥር አረንጓዴው አልለቀቀም ነበር። «ማሚ፣ ሂጂና አናግሪው» አለችኝ፤ በአማርኛ።

ጋሼን ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ካፖርታቸውን ማንሳት ጀመሩ።

«የት ሊሄዱ ነው ጋሼ?»

«አብሬሽ ነዋ። አንቺ ብቻሽን ብትሄጂ ለይቅርታ የመጣሽ ነው የሚመስላቸው። እኔ ለዓይናቸው ነው የምሄደው።»

ማይስተሩ ከቬርክሽታቱ ሁለት መንገድ አልፎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ጋሼ በየደረጃው እያረፉ ወጡ። በሩ አንድ ስንዝር ተከፈተ። ማይስተሩ ጢማቸውን አልተላጩም።

«ምን ፈለግሽ?»

«የቬርክሽታቱን ቁልፍ ላስረክብ መጥቼ ነው።» ሌላ የማወራው ብዙ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝ።

ጋሼ ከኋላዬ ወደ ፊት መጡ። በዚያ በድሮው የዩኒቨርሲቲ ጀርመንኛቸው ሰላምታ ሰጡና መነጽራቸውን አውልቀው ፊታቸውን ወደ በሩ አስጠጉ። «ይዩኝ፤ ሁለቱም ዓይኖቼ ተሠርተዋል። ሠላሳ ዓመት ይሄንን ሕክምና ቆሜ ሳግዝ ኖሬ፣ የራሴ ሲመጣ ሁለት ዓመት ሸሸሁት። ፈርቼ ነው።»

ማይስተሩ የበሩን እጀታ ያዙ። «እናቴ ተሠርታ ነበር» አሉ። «ከዚያ በኋላ ምንም አላየችም። እጇን ይዤ ነበር ገበያ የምወስዳት።»

«መቼ ነው?»

«ልጅ ሳለሁ።»

«ያን ጊዜ ሰው ጭንቅላቱ በአሸዋ ከረጢት ተደግፎ፣ እንዳይነቃነቅ ተብሎ ቀናት ይተኛ ነበር» አሉ ጋሼ። «ያ ዘመን አልፏል። አሁን ታካሚዎች ቡናቸውን ጠጥተው በእግራቸው ይወጣሉ።»

በሩ ተዘጋ። ቀስ ብሎ ነው የተዘጋው። ቁልፉ በእጄ እንዳለ ወረድን።

በሁለተኛው ቀን ስልኬ ጠራ። «ሐሙስ ዓይኔ የሚሠራበት ቴርሚን አለኝ» አሉ ማይስተሩ፤ ሰላምታ የለ። «ሰው ይዘው ይምጡ ብለውኛል።»

«እመጣለሁ።»

«ቁልፉ አሁንም አንቺ ዘንድ ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ስምንት ዓምድ አለን። በራስሽ ቅልቅል ጀምሪ። ለሴትዮዋም ጻፊላት።» ዘጉት።

ሐሙስ ዕለት መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የአንድ መጽሔት ገጽ ደጋግሜ ገለበጥኩ። ሲገቡ እጃቸውን ጨብጬ ነበር። የእናታቸው ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። እሳቸውን የገፋኋቸው እኔ ነኝ፤ ከዚያ ክፍል የባሰባቸው ሆነው ቢወጡ ምን እላለሁ? ሲወጡ አንድ ዓይናቸው ተሸፍኖ ነበር። በታክሲ ቤታቸው አደረስኳቸው።

በማግስቱ ሐኪሟ መሸፈኛውን ስታነሳ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ገለጡ። መጀመሪያ ግድግዳውን አዩ፤ ከዚያ የሐኪሟን ጋውን፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሻርፕሽ ሰማያዊ ነው» አሉ።

«አዎ።»

«ስንት ዓመት ለበስሽው?»

«አራት ይሆነዋል።»

«ግራጫ ነበር የሚመስለኝ። ሁልጊዜ ለምን እንዲህ ያለ የሚያሳዝን ነገር ትለብሳለች እል ነበር።» ሐኪሟ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ያልተሠራውን ዓይናቸውን በእጃቸው ከድነው አዩኝ፤ ደግሞ የተሠራውን ከደኑ። እንዲያ እየቀያየሩ፣ አንዴ ሰማያዊ አንዴ ግራጫ፣ ረጅም ጊዜ ቆዩ።

ያ ደስታ ብዙ አልሰነበተም። በሳምንቱ ዌስትኤንድ ሰፈር ውሰጂኝ አሉ። እዚያ አንድ አሮጌ ቤት መግቢያ ላይ ከሦስት ዓመት በፊት ግድግዳውን በስቱክማርሞር ሠርተን ነበር፤ ግራጫ፣ በጣም ፈዛዛ ጽጌረዳማ ጅማት ያለው እንዲሆን ነበር የታዘዘው። የምንሄድበትን ሳውቅ እርምጃዬን ቀነስኩ። የቤቱ ጠባቂ ከፈተልን። ማይስተሩ መሃል ላይ ቆመው ዙሪያውን አዩ። ግድግዳው ሐምራዊ ነው። ምን ጊዜም ሐምራዊ ነበር።

«ይሄን እኔ ነኝ የሠራሁት?»

«አዎ።»

«ማንም ምንም አላለኝም።» ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ አብረሽኝ ነበርሽ።»

እዚህ ላይ መዋሸት እችል ነበር። ያኔ አላስተዋልኩም ብል ያምኑኛል። «አይቻለሁ» አልኩ። «ያኔውኑ አይቻለሁ። የቤቱ ባለቤት ሲቀበለው ዝም አልኩ።»

«ሦስት ዓመት?»

«ሦስት ዓመት።»

እንዲህ ያለ ቁጣ ፊታቸው ላይ አይቼ አላውቅም። ናሙናውን የቀየርኩ ቀን እንኳ እንዲህ አልነበሩም። «ያኔ ብትነግሪኝ ያኔ እታከም ነበር» አሉ። «ሦስት ዓመት በጨለማ አስቀመጥሽኝ። ደግ የሆንሽ መስሎሽ ነው?»

«ፈርቼ ነው» አልኩ። «ለእርስዎም ፈርቼ ነው፣ ለራሴም ፈርቼ ነው። ለራሴ የፈራሁት ይበልጣል።»

ዕንባዬ መጣ፤ ልጠርገው አልደፈርኩም። ጠባቂው ኮቴውን አጥፍቶ ራቅ አለ። ማይስተሩ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ቆዩ። «ማለስለሱ ግን ጥሩ ነው» አሉ በመጨረሻ፤ ለእኔ ይሁን ለግድግዳው አላውቅም። በዚያው ሳምንት ለቤቱ ባለቤት ደብዳቤ ጻፉ፤ ቀለሙን እንደሳቱ፣ በራሳቸው ጊዜ ሊያድሱት ፈቃደኛ እንደሆኑ። ሰውየው ሐምራዊውን ለምዶታል፤ እንዲነካበት አልፈለገም። እሳቸው ግን እስከ ዛሬ በዚያ መንገድ አያልፉም።

በእኔ ላይ ያላቸው ቅሬታ ከአንድ ወር በላይ ቆየ። ስምንቱን ዓምዶች የሠራነው በዚያ ቅሬታ ውስጥ ነው። በቀን ከአሥር ቃል በላይ አንለዋወጥም። እኔ ቀለሙን እለውሳለሁ፣ እሳቸው ይፈትጋሉ፤ የድንጋዩና የውሃው ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። አምስተኛው ዓምድ ላይ ሲደርሱ የቅልቅሉን ደብተር ገፋ አደረጉልኝ። ከዚያ በፊት ከእሳቸው በቀር የጻፈበት ሰው የለም። «በእጅሽ ጻፊው» አሉኝ። «ስምሽንም።» ጻፍኩ። ሁለተኛው ዓይናቸው ከተሠራ በኋላ ደግሞ ጭቅጭቁ ተመለሰ፤ ይሄ ጅማት ወፈረ፣ ያ ነጭ በዛ፣ መስኮቱ ቆሽሿል ማን ሊወለውለው ነው እያሉ። ያን ጊዜ ነው ትንፋሼ ወደ ቦታው የተመለሰው።

በመስከረም ሁለታችንም እንግሊዝ ሄደን ዓምዶቹን አቆምናቸው። አራት ቀን ፈጀ። አርክቴክቷ በየሰዓቱ ትመጣለች፣ ታያለች፣ ምንም ሳትል ትሄዳለች፤ የመጨረሻው ዓምድ ሲገጥም ግን ክቡን የድሮውን በአንድ እጇ፣ አዲሱን በሌላ እጇ ነካችና የትኛው የማን እንደሆነ ጠየቀችን። ማወቋን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ደስ አለን።

ሠራተኞቹ ምሳ ሲወጡ ማይስተሩ ወደ ዋናው ሳሎን ጠሩኝ። ስገባ ሸራ በተዘረጋበት ወለል ላይ በጀርባቸው ተንጋለዋል። የወደቁ መስሎኝ ጮህኩ።

«አትጩሂ፤ ኮርኒሱን እያየሁ ነው። ቆሞ አይታይም፣ አንገት ይሰብራል። ነይ ተኚ።»

«ሰው ቢመጣስ?»

«ይምጣ።»

ሻርፔን አስተካክዬ ሁለት ክንድ ያህል ርቄ ተጋደምኩ። ከላያችን ያ ፎቶግራፍ ላይ ያየሁት ሁሉ ነበር፤ ጉንጉኑ፣ ሪባኑ፣ ማሰሮዎቹ፣ ከወረቀት የሳሱ ቅጠሎች። ፎቶግራፉ ያላሳየኝ የእጅ ሥራ መሆኑን ነው። አንዱ ቅጠል ጠማማ ነበር፤ አንድ ሰው ከዚያ ሁሉ ዘመን በፊት እጁን አስቶት።

«በስተግራ ሦስተኛውን ቅጠል አየሽው?» አሉ ማይስተሩ።

«አየሁት።»

«እኔም አየሁት» አሉና ተነፈሱ። ሠራተኞቹ በኮሪደሩ ሲመጡ ሰማናቸው፤ ሁለታችንም አልተነሳንም።